የአራተኛ ክፍል የሱፍ አበቦች

ጥር 25፣ 2018። ሰኞ

ሲስተር ኢማኩሌት ከምሳ በኋላ መምህራኑን ሁሉ ሰበሰቡን። ርእሰ መምህራችን ሲሰበስቡን ወይ የተሰናበተ ሰው አለ፣ ወይ እሳቸው ከአንድ ቦታ ስብሰባ አዲስ ነገር ይዘው መጥተዋል። የዛሬው አዲስ ነገር ነው። በዚህ ተርም አራተኛ ክፍል ሳይንስን፣ ሥዕልንና ሃይማኖትን ለየብቻ መማሩ ቀርቶ በአንድ ሥራ አዋሕዶ ይማራል። ልጅ ዓለምን ቆራርጦ አያይም፣ የምንቆራርጥበት እኛ ነን አሉ። በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሀገረ ስብከቱ የትምህርት ቢሮ እንግዶች መጥተው ያዩታል። ከተሳካ በናይሮቢ ላሉት ለሌሎቹም የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ይዳረሳል።

ሌሎቹ መምህራን ጣራ ጣራውን ሲያዩ እኔ እጄን አወጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሳይንስ ያስተማረ ሰው ዝም ካለ ማን ሊናገር ነው? የሱፍ አበባ እንዝራ አልኩ። ልጆቹ በእኔ ክፍለ ጊዜ ዘሩን ያጠናሉ፤ በሥዕል ክፍለ ጊዜ መቃብር የሚመስል ሣጥን ይሠሩለታል፤ ጾሙ ሲያዝ ዘሩ ይቀበራል፣ ለትንሣኤ አበባው ይፈካል። ሲስተር አጨበጨቡ። የዘሩ ማሸጊያ ላይ ከሃምሳ እስከ ሃምሳ አምስት ቀን ይላል። የሁዳዴን ልክ ይዞ የተፈጠረ አበባ ነው።

ያኤል አጠገቤ ተቀምጣ በደብተሯ ጥግ ላይ ሣጥኑን መሣል ጀምራ ነበር። የሥዕል መምህርታችን ናት፤ የጓደኛዬ የሐብታሙ ልጅ። እዚህ ትምህርት ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ።

ጥር 29፣ ዓርብ

አስተባባሪ ሆና የተመረጠችው ያኤል ናት።

ሲስተር ዛሬ ጠዋት ነገሩን። ወጣት ናት፣ ከልጆቹ ጋር ትግባባለች፣ አዲሱን አሠራር ሠልጥናበታለች። እኔ ደግሞ አሮጌውን ሠልጥኜበታለሁ ማለት ነው። የሙከራ ውሏ የሚያልቀው በዚህ ተርም መጨረሻ ነው። ዝግጅቱ ካማረ ቋሚ ትሆናለች፣ ካላማረ እናያለን አሉኝ ሲስተር ለብቻዬ። «እናያለን» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ከሁለት የሙዚቃ መምህራን አይተናል። ያኤል እዚህ አገር ስደተኛ ሆነው ከኖሩ ወላጆች የተወለደች ልጅ ናት፤ የሥራ ፈቃዷ የሚታደሰው በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከቀረ ሌላ ቤት ማንኳኳት እንኳ አትችልም።

እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ከልቤ ነው።

«ጋሼ፣ አይዲያው ያንተ እኮ ነው። እኔ ጀስት አስተባብራለሁ» አለችኝ። ቀጥላም የሳይንሱን ክፍል ቀን በቀን ጻፍልኝ ብላ ለመነችኝ። እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፤ የእኛንም ጾም፣ የካቶሊኮቹንም ጾም አትጾምም፣ መቼ እንደሚያዝም መቼ እንደሚፈታም አታውቅም። በገዛ እጄ ጻፍኩላት፦ የካቲት ዘጠኝ፣ የጾም መያዣ ሰኞ፣ ዘር። የፈረንጁንም ቀን ከጎኑ አደረግኩላት።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ሣጥኖቹ ተጀመሩ። ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። በየሣጥኑ ፊት አንድ ክብ የካርቶን ድንጋይ አለ፤ በዝግጅቱ ዕለት ልጆቹ ያንከባልሉታል። ሲስተር ሦስት ጊዜ መጥተው አዩ። ስለ ዘሩ የጠየቀኝ የለም።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ጾም ተያዘ። ሠላሳ አራት ልጆች ሠላሳ አራት ዘር ቀበሩ። ጥልቀቱን በማስመሪያ ለኩ፣ አፈሩን በእጃቸው አለሰለሱ፣ ያኤል ፎቶ አነሣች። አንዷ ልጅ ዘሩ ይፈራ ይሆን ወይ ብላ ጠየቀች። ዘር አይፈራም አልኩ። ያኤል ግን ቁጭ ብላ፣ ምን የሚፈራ ይመስልሻል ብላ ታወራት ጀመር። እንዲህ ነው እንግዲህ አዲሱ አሠራር።

ማታ ብርነሽ ሱፍ ፍትፍት አቀረበችልኝ። ባለቤቴ የጾም መያዣ ዕለት ሱፍ ካልሠራች ጾሙ የተያዘ አይመስላትም። አራተኛ ክፍል ምን እንደዘሩ ስነግራት ሳቀች። ጥሩ ቀን ነበር።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ልጆቹ ዛሬ ግንባራቸው ላይ አመድ ተቀብተው ገቡ። የካቶሊኮቹ ጾም ዛሬ ተያዘ። የሙስሊሞቹም ዛሬ ነው፤ ሙርሺዳ ነገረችን። ሙርሺዳ ከክፍሉ ሁሉ የምትበልጥ ጠያቂ ናት፤ ወላጆቿ ሙስሊሞች ሆነው ሳለ ለትምህርቱ ጥራት ብለው ነው እኛ ዘንድ ያስገቧት። የእኛ ሠላሳ ቀን ነው አለች። አጠገቧ ያለው ልጅ የእኛ አርባ ነው አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የእኛ ሃምሳ አምስት ነው አልኩ፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

«ቲቸር፣ እናንተ ሁለታችሁ በአንድ ሳምንት ከጀመራችሁ ታዲያ ማን ቀድሞ ይበላል?» አለች ሙርሺዳ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ ቆጠርኩ።

አምና ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ ቀን ነበር የዋሉት፤ እሱ ነው ያዘናጋኝ። ዘንድሮ የእነሱ ከእኛ በሳምንት ይቀድማል። ሲስተር ሰሙነ ሕማማት ሲሉ የራሳቸውን ነበር፣ እኔ የሰማሁት የራሴን። በእነሱ ሕማማት ረቡዕ ዘሩ ከተዘራ አርባ አራት ቀን ብቻ ይሆነዋል። በአርባ አራት ቀን የሱፍ አበባ እንቡጥ ነው፤ ድፍን፣ አረንጓዴ። አሥራ አንድ ቀን ይጎድላል።

ቀላል ነገር ነው። ፎሶሊያ በአርባ ቀን ያብባል፤ በዚህ ሳምንት ቢዘራ ይደርሳል። ነገ እነግራታለሁ።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ያኤልና ሲስተር ስለ ዝግጅቱ ሲነጋገሩ አረፈዱ። እኔ አልተጠራሁም። በመስኮት አየኋቸው፤ ሻይ ይዘዋል። አንዱ መምህር፣ «ምዋሊሙ ሥዩም፣ ልጅህ በለጠችህ» አለኝ፤ መምህርን እዚህ ምዋሊሙ ነው የሚሉት። ልጄ አይደለችም አልኩት።

አልነገርኳትም። አስተባባሪ ማለት ቀን የሚቆጥር ሰው ማለት ነው።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ዘሩ በቀለ። ሠላሳ አንዱ በቅሏል፤ ሦስቱን በድብቅ ቤቴ ባበቀልኩት ተካሁላቸው። ልጆቹ እንዳያዝኑ ብዬ ነው። ይሄም ይጻፍልኝ።

ጠዋት በሃይማኖት ክፍለ ጊዜ ሲስተር መሬት ወድቃ ስለምትሞተው የስንዴ ቅንጣት ከወንጌል አነበቡላቸው። ከዚያ እኔ ጋ ሲመጡ ሙርሺዳ እጇን አወጣች። ዘሩ በእውነት ሞቷል ወይ? አልሞተም አልኩ። ዘር ሕያው ነው፣ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ውኃ ሲያገኝ ይነቃል። ታዲያ ሲስተር ለምን ሞተ አሉ? እሱ የሃይማኖት ክፍለ ጊዜ ነው፣ ይሄ የሳይንስ ነው አልኩ። ወዲያው ስናገረው ልክ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ማዋሐድ የተባለውን በአንድ አፍ አፈረስኩት።

ከሰዓት ያኤል ምን አደረገች? ውኃ ውስጥ የተዘፈዘፉ ዘሮች ይዛ ገባች። ልጆቹ በጥፍራቸው ሰነጠቁ። መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ ሣሉ፣ ከዚያ ጠይቁ አለቻቸው። ሙርሺዳ የሣለችውን እኔም አየሁት፦ ቅርፊቱ ተቀዶ ወድቋል፣ ሁለቱ የዘር ቅጠሎች ተከፍተዋል፣ መሐላቸው ትንሿ ሥር ወደ ታች ታጥፋለች። ከሥሩ፣ የሞተው ልብሱ ነው ብላ ጽፋለች። ሲስተር ቢሯቸው ሰቀሉት።

ሥዕሉ ልክ ነው። ከሥሩ ጀምሮ ልክ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስሥለው የኖርኩት ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ ገባቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቤት ስደርስ ራት አልበላም አልኩ። ብርነሽ ምን ሆንክ ስትለኝ ጾሙ ነው አልኳት።

የካቲት 22፣ እሑድ

ሐብታሙ ካሳራኒ ሰፈር ካለው ቤቱ ደወለ። ኩላሊቱ ስለሚያመው ብዙ አይወጣም። ናይሮቢ የገባን ጊዜ እኔና እሱ ኢስትሊ ውስጥ በአንድ ፍራሽ ነበር የምንተኛው፤ እሱ ግድግዳውን ሰጥቶኝ እሱ በሩ ጋ ይተኛ ነበር። ልጄ ስላንተ ነው የምታወራው አለኝ። ሥዩም ወንድሜ፣ ሰው አደረግካት አለኝ።

ኔትዎርኩ ደካማ ነው ብዬ ዘጋሁት። በእርግጥም ደካማ ነበር።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ተክሎቹ ከስንዝር አልፈዋል። ልጆቹ በየቀኑ ይለካሉ፤ አንዱ ገበታ ላይ ቁመቱ አለ፣ አንዱ ላይ የዕለቱ ሥዕል፣ አንዱ ላይ የዕለቱ ጸሎት። ያኤል ሦስቱን በአንድ ሉህ ላይ አድርጋቸዋለች። ያምራል። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ትምህርት ቤት አይቼ አላውቅም።

ዛሬ በግቢው ጥግ ብቻዬን አገኘችኝ።

«ጋሼ፣ እንቡጡ ገና አልታየም። ለዝግጅቱ ይደርሳል አይደል?»

«ይደርሳል» አልኳት። «ፀሐዩ ከረዳ።»

ፀሐዩ ከረዳ ብያለሁ። ያልኩት ይህንን ነው። ሳይንስ ሁልጊዜ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቅድመ ሁኔታውን ያልሰማ ሰው ራሱን ይጠይቅ። እፎይ ብላ ሄደች።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ማታቱ ውስጥ፣ ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ቲካ ሮድ ተዘግቷል፣ አርባ ደቂቃ አንድ ቦታ። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ስለ ትምህርት ቤታችን ያወራሉ። ያቺ የአራተኛ ክፍል ኢትዮጵያዊት አስተማሪ ከያዘቻት ወዲህ፣ አለች አንዷ፣ ልጄ ጸልዪ ሳይሏት መጸለይ ጀመረች። ኢትዮጵያዊት። ኢትዮጵያን አይታ አታውቅም እኮ።

ፎሶሊያው አሁን አይደርስም። ጊዜው አልፏል።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ከማታቱ ወረድኩ፣ ሳላስበው። መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ቤቶች በአንዱ፣ በጥቁር ላስቲክ የተተከሉ የሱፍ አበቦች ቆመዋል፤ እንቡጣቸው ጫፉ ላይ ቢጫ ማሳየት ጀምሯል። ልክ በሁለት ሳምንት ይፈካሉ። አርባ ያህል አሉ። ሻጩ ሰውዬ፣ ሽማግሌ ስላየኝ «ምዜ» ብሎ ጠርቶኝ፣ ስንቱን ላውጣልህ አለኝ።

ለልጆቹ አንድ ቃል ነግሮ መተካት ነው። ስሕተት ሠራን፣ አቆጣጠራችን ሁለት ነበር፣ ይኸው ማለት። ይህም ራሱ ትምህርት ነው። ለያኤልም አንድ ስልክ ነው። እጄ ኪሴ ውስጥ ስልኩን ይዟል።

እያየሁ ነው አልኩት ሻጩን። አየሁና ሄድኩ። ሰው የጻፈልህን ወረቀት ብቻ ይዘህ አስተባባሪ ልትሆን አትችልም፤ ሥራውን ማወቅ አለብህ። እኔ ወጣት ሳለሁ ማንም አልደገፈኝም።

ሐብታሙ በሩ ጋ ይተኛ ነበር። ይሄን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ብርነሽ አወቀች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ፊት ቆማ፣ የትምህርት ቤቱ ዝግጅት መቼ ነው አለችኝ። በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ አልኳት። ጣቷን ከየካቲት ዘጠኝ አንሥታ እያንዳንዱን ቀን እየነካች መጣች። መቁጠሯን ሳትጨርስ ዞራ አየችኝ።

«ታውቃለህ» አለች።

ጥያቄ አልነበረም። ከመቼ ጀምሮ አለች። ነገሩ እንደምታስቢው አይደለም አልኳት። አስተባባሪዋ እሷ ናት፣ እኔ ረዳት ነኝ፣ ያልተጠየቅኩትን ምን አገባኝ አልኳት። ብርነሽ ተቆጥታ የምትጮህ ሴት አይደለችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ይህችን ልጅ በተወለደች በሁለተኛው ቀን ያቀፍኳት እኔ ነኝ አለች። ነገ ንገራት፣ ካልነገርካት ከእኔ ጋር ጾም እንዳትፈታ አለችኝ።

ነገ እነግራታለሁ። የሆነ ነገር እናገኛለን።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ወደ ሥዕል ክፍሉ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ ልጆቹ ነበሩ። ሁለተኛ ላይ ያኤል ብቻዋን መሬት ላይ ተቀምጣ የመላእክትን ክንፍ ትቀባለች፤ ጣቶቿ ሰማያዊ ናቸው። ጋሼ፣ ና እየው አለችኝ። ገባሁ። አፌን ከፈትኩ። ሲስተር ከኋላዬ መጡና፣ ምዋሊሙ፣ ከዚህች ልጅ ብዙ እየተማርን ነው አይደል አሉኝ። አዎ አልኩና ወጣሁ።

ለብርነሽ፣ ያኤልን ነግሬያታለሁ አልኳት።

መጋቢት 23፣ ረቡዕ

ይሄን ሳልጽፍ መተኛት አልችልም።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከፊት የሀገረ ስብከቱ እንግዶች፣ ከኋላ ወላጆች። ሠላሳ አራቱ ሣጥኖች በመደዳ፣ ከሰኞ ጀምሮ ድንጋያቸው ተዘግቶ፣ ልጆቹም ውስጡን ሳያዩ ሰንብተው። ልጆቹ ነጭ ለብሰዋል። አንዱ የቁመቱን ገበታ አነበበ፤ አንዷ ዘር ምን ሲያገኝ እንደሚነቃ ተናገረች፣ አንድም ቃል አልሳተችም፤ ዘመሩ። እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያ ድረስ ከሁሉም ያማረ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሽማግሌ ቄስ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ያኤል እጇን አነሣች። ልጆቹ እስከ ሦስት ቆጥረው ድንጋዩን አንከባለሉ።

አረንጓዴ። ሠላሳ አራት አረንጓዴ እንቡጥ፣ እንደ ተጨበጠ እጅ። ሁለቱ ብቻ ጫፋቸው ቢጫ አሳይቷል። ሠላሳ አራቱም ልጆች የአበባውን ቢጫ ሥዕል ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነበር። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ በክፋት አይደለም። ልጆቹ ግን ሰሙ። ሙርሺዳ ሣጥኗ ፊት ተንበርክካ እንቡጡን በጣቷ ልትከፍተው ሞከረች፤ አልከፈት ሲላት አለቀሰች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ከትምህርት ቢሮው የመጣችው ሴትዮ፣ ፈካ ብላ፣ ታዲያ መቼ ነው የሚነሣው አለች። ሲስተር አልሳቁም። እዚያው እንግዶቹ ፊት፣ የዘሩን ቀን የወሰነው ማነው አሉ።

ያኤል አየችኝ። እኔ የጫማዬን ክር ሳይ ነበር፤ ሲፈታ ተሰምቶኝ ነው። ያየችኝን ግን አውቃለሁ።

«ሲስተር፣ አስተባባሪዋ እኔ ነኝ» አለች። «ስሕተቱ የኔ ነው።»

ከዚያ ወደ ልጆቹ ሄደች። አንድ በአንድ እየተንበረከከች እንባቸውን ጠረገች፣ በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገረቻቸው። ሁሉም ተክሉን ይዞ ቤቱ እንዲሄድ አደረገች። ዝግጅቱ በሻይ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ክንፍ ስትቀባ የነበረው ሰማያዊ ቀለም አሁንም ጥፍሯ ሥር አለ።

«ጋሼ፣ እኔ ላስት ዊክ ነው የቆጠርኩት። ቲካ ሮድ ያሉትን ችግኝ ቤቶች በሙሉ ዞርኩ፣ ተሽጦ አልቋል አሉኝ። ላንተ ያልነገርኩህ እንዳታፍር ብዬ ነው።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ መቼ ነው የቆጠርከው?»

ማታቱ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ነበር። ነገ እናወራለን አልኳት።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከሰዓት በፊት ሲስተር ጠሩኝ። የያኤል ውል አይታደስም። ጎበዝ ናት አሉ፣ ልጆቹ ይወዷታል፣ ግን በእንግዶች ፊት እንዲህ ያለ ነገር፣ የቁጥር ነገር፣ ጥንቃቄ የሌለበት ነገር። የሥራ ፈቃድ ደብዳቤውንም አልጽፍም አሉ፤ ለሌለ ሠራተኛ ደብዳቤ አይጻፍም። በሚቀጥለው ተርም አስተባባሪ አንተ ነህ አሉኝ። ከመጀመሪያውም አንተን ማድረግ ነበረብኝ አሉ።

ሲስተር፣ አንድ ነገር አለ አልኩ። ምንድነው አሉኝ። ለልጅቷ ትንሽ ቢታሰብላት አልኩ። ደግ ሰው ነህ ሥዩም አሉኝ።

እንግዲህ ለምኛለሁ።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

የአስተባባሪነት የመጀመሪያ ሥራዬ። ሲስተር የአራተኛ ክፍል ወላጆችን የዋትስአፕ ግሩፕ አስረከቡኝ፤ ከትምህርት ቤቱ የወጣ ሠራተኛ እንዲወጣ አዘዙ። ስሟን ነካሁ። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ ስልኩ። ትእዛዝ ነው። አዎ የሚለውን ነካሁ።

ለወላጆች መልካም ፋሲካ ብዬ ጻፍኩ። የእነሱ ነገ ነው።

መጋቢት 27፣ እሑድ

ሆሳዕና። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሐብታሙ ደወለ። ድምፁ ደክሟል። ያኤል በራሴ ፈቃድ ለቀቅኩ ብላዋለች፣ ሌላ ነገር ልሞክር ብዬ ነው ብላዋለች። እኔ ግን አላመንኩም አለኝ፣ መነኩሲቷ ናት ያባረረቻት፣ አንተ ባትኖርማ ገና ድሮ ባባረረቻት። አመሰግንሃለሁ ወንድሜ አለኝ። እስከ መጨረሻው እንደቆምክላት ነግራኛለች።

እንደዚያ ብላ ነግራዋለች።

ብርነሽ ስልኩን ስዘጋ ታየኝ ነበር። ነግሬያታለሁ ያልኩት ውሸት እንደነበር ራሷ ያኤል ጋ ደውላ አረጋግጣለች፤ ከሐሙስ ጀምሮ አታናግረኝም። ስታልፍ ዘንባባዋን በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

ሚያዝያ 4፣ እሑድ። ፋሲካ

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን ጎሕ ሲቀድ ገባን። ብርነሽ ያለችውን አላደረገችም፤ አብራኝ ጾም ፈታች። ለእግዚአብሔር ብዬ ነው አለችኝ፣ ላንተ አይደለም።

ረፋዱ ላይ ስልኬ ይጮህ ጀመር። የአራተኛ ክፍል ግሩፕ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ የሙርሺዳ ነው፦ በረንዳ ላይ ቆማ፣ አጠገቧ ከፊቷ የሚበልጥ ቢጫ አበባ፣ ፍክት ብሎ። እናቷ ከሥሩ ጽፋለች። ቲቸር ያኤል በዝግጅቱ ዕለት በልጆቹ ጆሮ፣ እስከሚመጣው ሳምንት እሑድ ጠብቁ፣ ይነሣል ብላቸው ነበር። ልጄ አሥራ አንድ ቀን በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። አሳንቴ ሳና፣ በጣም እናመሰግናለን፣ ቲቸር ያኤል።

ከዚያ ሌላ ፎቶ። ከዚያ ሌላ። እስከ ቀትር አሥራ አንድ አበባ ቆጠርኩ። አንዱ ልጅ ሣጥኑን ከነድንጋዩ አሰናድቶ ቤተሰቡን በሙሉ ፊቱ አስቀምጦ ዝግጅቱን እንደ አዲስ አድርጓል፤ አያቱ ሲያጨበጭቡ ይታያል። ሁሉም ያኤልን ያመሰግናሉ። እሷ ግሩፑ ውስጥ የለችም። ማንም አላስተዋለም፤ ያወጣኋት እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

አንድ አባት፣ ታዲያ ትምህርት ቤቱ ለምን ዛሬ አላዘጋጀውም ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ የሲስተር ኢማኩሌት መልእክት መጣ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ። ምዋሊሙ ሥዩም፣ ዛሬ የእናንተ ፋሲካ ነው አይደል ይላል። እንኳን አደረሳችሁ።

ሌላ ቃል የለውም። ሃምሳ ስድስት ሰው አይቶታል ይላል ስልኩ።

ብርነሽ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። «ፎቶዎቹን ላክላት» አለችኝ። አሥራ አንዱንም ምንም ሳልጽፍ ለያኤል ላክኋቸው። ወዲያው መለሰች። እንኳን አደረሰህ ጋሼ፣ የሙርሺዳን አበባ አየኸው፣ በናትህ እነዚህን ልጆች አደራ ትላለች። ስለ እኔ ምንም የለም። ስለ ሥራውም ስለ ደብዳቤውም ምንም የለም።

«ለሲስተር አሁን መልስላት» አለች ብርነሽ። «ደብዳቤውን ዛሬም መጻፍ ትችላለች።»

ተቀመጥኩ። ሲስተር፣ ቀኑን የቆጠርኩት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ሲስተር፣ ያኤል ጥፋት የለባትም ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ከአመዱ ዕለት ጀምሬ ጻፍኩ፤ ረጅም ሆነ፤ እሱንም አጠፋሁት።

በመጨረሻ እንኳን አብሮ አደረሰን ብዬ ላክሁ።

ብርነሽ አየችው። ሳህኗን አንሥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። በዓሉን ብቻዬን ዋልኩ።